የእህቴ ረቡዕ

እህቴ ሐኪም አይደለችም። ደም ስታይ ያዞራታል፤ መርፌ ከሩቅ ካየች ክንዷን ከኋላዋ ትደብቃለች። ታዲያ የሕክምና ኮሌጃችንን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በየረቡዕ ከሰዓት ሰብስባ ያስተማረችው ይህችው ሴት ነች። ሐኪም ሳትሆን ለሐኪም ምን ልታስተምር ነው ብትሉ አልፈርድባችሁም። እናታችንም መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር።

እኔ እዚያው ኮሌጅ በአናቶሚ ክፍል ቴክኒሻን ነኝ። በደረቁ ሲነገር አጥንት ጠባቂ ማለት ነው። አጥንቶቹን አጸዳለሁ፣ በየመሳቢያቸው እመልሳለሁ፣ የጎደለ እንደሆነ ተማሪ አሳድዳለሁ። አንድ ጊዜ ለትዳር ያሰበኝ ሰው ሥራዬን ሲሰማ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄዷል። ይሂድ። አጥንት ሰው አያማም፣ ካስቀመጡት ቦታም ተነስቶ አይሄድም።

አለቃዬ የአናቶሚው መምህር ናቸው። ተማሪዎች ፊት ለፊት «ዶክተር»፣ ዞር ሲሉ «ጉልጥምት» ይሏቸዋል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲቀመጡም ሲነሱም ጉልበታቸው የሚንቋቋ ሰው ናቸው። ለአጥንት የሚራሩትን ያህል ለተማሪ አይራሩም፤ ሲያስተምሩ ግን ወንበር ላይ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚሰማቸው።

ነገሩ የተጀመረው አዲስ ዲን ሲመጣ ነው። ከሆስፒታሉ የአስተያየት ሣጥን የሚወጣው ቅሬታ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ መድኃኒት ጻፈልኝ የሚል። ዲኑ ይህ ጠባይ በአንደኛ ዓመት ካልተገራ በኋላ አይገራም ብለው እህቴን ጠሯት። እህቴ ያኔ በኮንትራት ተቀጥራ ለተማሪዎቹ የሪፖርት አጻጻፍ ታስተምር ነበር፤ ነጠላ ሰረዝ ስታርም ነበር የምትውለው። ሥነ ጽሑፍም ሥዕልም ታሪክም ያለበት፣ ልጆቹን ሰው ማየት የሚያስተምር አንድ ኮርስ አዘጋጂ አሏት። የዚያን ቀን ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ነው የነገረችን።

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ለሐኪም ተረት ልታስተምሪ ነው?» አለቻት።

እህቴ ቦርሳዋን አውርዳ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ግን በልቧ ያለውን አውቃለሁ። አባታችን በታመመ ጊዜ ሐኪሞቹ አልጋውን ከብበው ቆመው ብዙ አወሩ፤ እርስ በርሳቸው ብቻ። አባባ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲያይ ቆየና ወደ እህቴ ዞሮ «ስለ ማን ነው የሚያወሩት?» አላት። መልስ የሰጠው አልነበረም። እሷም ያን ጊዜ ድምጿ አልወጣላትም። አባባ ሁለተኛ ከዚያ አልጋ አልተነሳም፤ ጥያቄውም ከእህቴ ጋር ቀረ።

ኮርሱ ሰዓት ይፈልጋል፣ ሰዓት ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። ዲኑ የአናቶሚን የረቡዕ ከሰዓት ወሰዱና የኮሌጁ መምህራን ጉባኤ ላይ አቀረቡ። ጉልጥምት ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተነሱ። ከእሳቸው ሰዓት ተቀንሶ ግጥም የሚነበብ ከሆነ አንድ ነገር ይጻፍላቸው፤ ለአንድ ዓመት ይሞከር፣ በዓመቱ መጨረሻ የአጥንት ፈተናው አማካይ ውጤት ካምናው ዝቅ ካለ ረቡዕ ወደ ባለቤቷ ትመለስ፣ ኮርሱም ይሰረዝ አሉ። ኮርሱ ከተሰረዘ የእህቴም ኮንትራት አብሮ ያልቃል። ዲኑ ለቦታው አዲስ ናቸውና እሺ አሉ። እህቴም እሺ አለች፤ እኔ በሷ ቦታ ብሆን ወንበሩን አንስቼ በወረወርኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም አጣ። እህቴ የምታዘጋጀውን ትምህርት ሁሉ የምትሞክረው በእኔና በእማዬ ላይ ነው። ምግብ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ተቆልሎ እኛ ሳህን በጉልበታችን ይዘን እንበላለን። የመጀመሪያው ዕቅዷ ፈላስፋ በፈላስፋ ነበር፤ እማዬ ሁለተኛው ላይ አንቀላፋች። ግጥሞቹ ተከተሉ፤ ረጅሞቹ ላይም አንቀላፋች። እህቴ ምንም ሳትከፋ እማዬ የተኛችበትን ሁሉ ሰረዘች። በመጨረሻ የተረፈው አንድ ገጽ አልሞላም።

የመጀመሪያው ረቡዕ መጣ። ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ ኮሌጅ ከገቡ ገና ሁለት ወር ያልሞላቸው፣ ነጩን ጋወን ካፌ ውስጥ እንኳ የማያወልቁ፣ የልብ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ዳቦ የሚገዙ። እህቴ ቀላል ነገር ነው ያዘዘቻቸው፤ ስለ እናታችሁ ጻፉ አለቻቸው። ወረቀቱን ሰብስባ ማታ ቤት ስታነብልን መጀመሪያ በሳቅ ሞትን። ከልጅ እስከ ልጅ አንድ ዓይነት ነው። አንዷ «እናቴ፦ ሴት፤ ዕድሜ ወደ ሃምሳ፤ የደም ግፊት አለባት፤ የመድኃኒት አለርጂ የላትም» ብላ ጨርሳለች። አንዱ የእናቱን ክብደት ከነመቶ ግራሙ ጽፏል። የወለደቻቸውን ሴት በሽተኛ አድርገው አልጋ አስይዘዋት አረፉት።

እማዬ ግን ሳቋ ቶሎ ቆመ። «ይቺ የደም ግፊቷ ልጅ፣ እናቷን አይታት ታውቃለች?» ብላ ጠየቀች።

እህቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ኮርሱ የተወለደው ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሚቀጥለው ረቡዕ የአባባን ጫማ በፌስታል ይዛ ሄደች። ክፍሏ ከአጥንት ክፍሌ ጎን ስለሆነ በሩን ገርበብ አድርጌ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ምን አያችሁ?» አለቻቸው። ወዲያው እጅ በእጅ ላይ ተነሳ። አንዱ ባለቤቱ የሪህ በሽታ አለበት አለ። ሌላው ነርቭ ነው አለ። ፊት የተቀመጠው ወጣት፣ ክፍሉ ውስጥ «ፕሮፌሰር» የሚሉት፣ አንድ እግሩ አጭር ነው ብሎ ሕክምናውንም ጨመረበት። ለአባቴ ጫማ በአንድ ጊዜ ሦስት በሽታ አገኙለት፤ አባባ በሕይወቱ ያን ያህል አልታመመም።

እህቴ ታገሠቻቸው። በሽታውን አልጠየቅኋችሁም፣ ያያችሁትን ነው የጠየቅኋችሁ አለች። እጆቹ ሁሉ ወረዱ። እንደገና እስኪነሱ የጠበቀችበት ትዕግሥት ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ቤት ውስጥ ውሃ እስኪፈላ አትጠብቅም። ከዚያ ቀስ በቀስ ይታያቸው ጀመር። ማሰሪያው ተበጥሶ ተቋጥሯል። ውስጡ ካርቶን ተቆርጦ ገብቷል። የግራው ጫማ ከጣቶቹ ሥር ነው ያለቀው፣ የቀኙ ተረከዙ ጋ። በሩ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿ የማይሰማ የመሰለችኝ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን ፈራ ተባ እያለች አነሳች። ስለ እናቷ የደም ግፊቱን ብቻ ጽፋ የጨረሰችው እሷ ነበረች።

«በግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ሲረግጡ ይሆን?» አለች። «ሹፌር ነበሩ?»

እህቴ አዎ፣ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበር፣ አባቴ ነው አለቻቸው። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ። ጫማው ከአባባ ሞት ጀምሮ ቁም ሣጥን ሥር ነበር፤ ስጠርግ በመጥረጊያ እገፋዋለሁ እንጂ የግራውና የቀኙ አስተላለቅ እንደሚለያይ አስተውዬ አላውቅም።

እህቴ በዚያ ቀን የልጆቹን ዋና በሽታ አገኘችው። ማንኛቸውም «አላውቅም» አይሉም። ትምህርት ቤት ሁሉ አንደኛ ሲወጡ ኖረው የመጡ ናቸው፤ አለማወቃቸውን ከሚናገሩ የማያምኑበትን ይናገራሉ። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። ስለዚህ ሕግ አወጣች፤ በዚህ ክፍል «አላውቅም» ያለ ማርክ ያገኛል፣ ቀጥሎ ያየውን እስከተናገረ ድረስ። መጀመሪያ እንደ ስድብ ከበዳቸው። «ፕሮፌሰር» ቃሉን ለማውጣት ወራት ፈጀበት፤ ያወጣት ዕለት ጓደኞቹ አጨበጨቡለት።

ከጫማ ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ታሪክ፣ ከታሪክ ወደ ሰው ሄዱ። ዓመቱ ሲጋመስ ሆስፒታሉ ውስጥ እያንዳንዱን አንድ ታማሚ ጎን ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችው። ከ«ከዚያስ?» በቀር ጥያቄ መጠየቅ ክልክል ነው። የሰሙትን በታማሚው ቃል ይጽፉና መልሰው ያነቡለታል፤ ታማሚው ያርማል። አንዲት ባልቴት የተጻፈላቸውን ሰምተው «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ እንደገና ጻፍ» ብለው አንዱን ሦስት ጊዜ አመላልሰውታል። ነርሶቹ መጀመሪያ መንገድ ዘጉብን ብለው አጉረመረሙ፤ በኋላ ረቡዕ ሲቀርብ ወንበሩን ራሳቸው ያዘጋጁ ጀመር። ተማሪዎቹ እህቴን «ወይዘሮ ምን አየህ» ብለው ሰየሟት። እናቷን በደም ግፊት የጨረሰችው ልጅም ስለ እናቷ እንደገና ጻፈች፤ እናቴ ስትስቅ የጎደለ ጥርሷን በእጇ ትሸፍናለች፣ እኔ ብቻ ስሆን ግን አትሸፍንም ብላ። እማዬ ይህን ስትሰማ አላንቀላፋችም።

ይሁን እንጂ ከፊታቸው የአጥንት ፈተናው ነበር፤ የፈተናውን ጉድ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ጉልጥምት ተማሪውን አንድ በአንድ አስገብተው እጁን ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያስከትቱታል። ሳያይ፣ በዳሰሳ ብቻ፣ ያገኘውን አጥንት ስም ይጠራል። ከረጢቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ከሰው አጥንቶቹ መካከል አንድ ትንሽ የበግ አጥንት አለች፤ ራሳቸው ናቸው ከዓመታት በፊት የጨመሯት። የሰው እጅ አንጓ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች ስላሉት፣ ያቺን የነካ ሁሉ ደንግጦ ከስምንቱ የአንዷን ስም ይጠራል። እሳቸው ማርኩን ይቀንሳሉ፣ ምንም አይናገሩም። ይህን የምናውቅ ሁለታችን ብቻ ነን። አንድ ጊዜ ከረጢቱን ስቋጥር «አንድ ቀን አንድ ልጅ ይነግረኛል» ብለውኝ ነበር። ስንት ዙር ተማሪ አለፈ፣ የነገራቸው የለም።

ፈተናው ሲቃረብ ምስጢሩን መያዝ አቃተኝ። አንድ ምሽት እህቴ ሳህን ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩ። «እትዬ፣ ስለዚያ ከረጢት አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት።

«አትንገሪኝ» አለች፣ እጇን ከውሃው ሳታወጣ።

ይህ የራስሽ እንጀራ ነው፣ የአባባም ጉዳይ ነው አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ። «ከነገርሽኝ ለነሱ መንገሬ አይቀርም። ከነገርኳቸው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኳቸው ውሸት ሆነ ማለት ነው። ሳህኑን አድርቂ።» ሳህኑን አደረቅሁ። ተናድጄባት ነበር፤ ኮርቼባትም ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

የፈተናው ቀን የመጀመሪያዎቹ ልጆች እንደ ድሮው ናቸው። ላባቸው ይንጠባጠባል፣ የበጓን ሲነኩ የአንዷን አጥንት ስም ይጠራሉ፣ ይወጣሉ። ከዚያ ዝምተኛዋ ልጅ ገባች። የሌሎቹን ስም በትክክል ስትጠራ ቆየችና ትንሿ ላይ ደረሰች። ከረጢቱ ውስጥ ጣቶቿ ሲያገላብጧት በጨርቁ ላይ ይታየኛል። ጊዜ ወሰደች። ጉልጥምት በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

«ስሙን አላውቀውም» አለች። እስክሪብቶው ቆመ። «የዳሰስኩትን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

በአንድ ወገኗ ለስላሳ መሆኗን፣ በሌላው ጠርዝ እንዳላት፣ ጠርዙ ከምታውቃቸው አጥንቶች ሁሉ እንደሚለይ ነገረቻቸው። ስምንቱን አንድ በአንድ በልቤ አስታወስኳቸው፣ ከነሱ አንዷም አይደለችም አለች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የሰው አጥንት አይመስለኝም።»

ጉልጥምት «ሂጂ» አሏት። ለሰሚው ቁጣ የሚመስል ድምፅ ነው። በሩ ሲዘጋ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ፤ መስታወቱ ንጹሕ ነበር። እኔ አቀርቅሬ ከረጢቱን አስተካከልኩ። እስከ ማታ ድረስ ሌሎችም ያንኑ አሏቸው፤ አንዱ በልበ ሙሉነት፣ አንዱ እያነባ። «ፕሮፌሰር» ሳይቀር አላውቅም አለ፤ ዘንድሮ ተአምር ከታየ እሱ ነው።

ፈተና ምስጢር ነውና ቤት ገብቼ ትንፍሽ አላልኩም። እህቴም አልጠየቀችኝም።

ጉባኤው የተሰበሰበ ዕለት ጉልጥምት ከረጢቱን ይዤ በር ላይ እንድቆም አዘዙኝ። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የየክፍሉ ኃላፊዎች ተቀምጠዋል፤ እህቴ ጥጉ ላይ ነች። ዲኑ ወረቀቱን አነበቡ። የዘንድሮው አማካይ ውጤት ካምናው ዝቅ ብሏል። ብዙ አይደለም፣ ግን ብሏል። ዲኑም አዝነው ስምምነቱ ግልጽ ነው አሉ። እህቴ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። ያን ጊዜ የጉልጥምት ጉልበት ተንቋቋ።

ወደ እኔ መጥተው እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከተው ትንሿን አጥንት ሳያዩ አወጧት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧትና ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ቀዶ ሐኪሙ አንስተው አገላበጡና በእርግጠኝነት የአንዷን የአንጓ አጥንት ስም ጠሩ። የሕፃናት ሐኪሟ አይ እንጂ አጠገቧ ያለችው ናት አሉ። አጥንቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፤ ዲኑ ጋ ስትደርስ ሦስተኛ ስም ወጣላት። አላውቅም ያለ አንድ ሰው የለም።

«የበግ ናት» አሉ ጉልጥምት።

አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው።

«ይህቺን ከረጢት ውስጥ የጨመርኳት ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ነው» አሉ። «አንድ ልጅ የሰው አይደለችም ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ሸበትኩ። ዘንድሮ ነገሩኝ። አንድ ሁለት አይደሉም፣ የክፍሉ እኩሌታ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ውጤቱ ለምን ዝቅ አለ ለምትሉኝ፣ አምና ያላወቀው ሁሉ ገመተ፣ ግምቱ የገጠመለትን እኔ አወቀ ብዬ አሳለፍኩት። ዘንድሮ ያላወቀው አላውቅም አለኝ። ውሸቱ ያምናው ነው። እነዚህ ልጆች ነገ የኔን ሆድ ሲነኩ እንዲህ እንዲነኩኝ ነው የምፈልገው።»

ዲኑ ስምምነቱን ያስጻፉት እርስዎ ነበሩ እኮ አሉ። እኔ ነበርኩ፣ አሁንም እኔው አነሳሁት አሉ ጉልጥምት። ቀጥለው ወደ እህቴ ዞሩ። ረቡዕ የእርስዎ ነው፣ የሰኞ ጠዋትንም አንድ ሰዓት ከእኔ ይውሰዱ፤ ግን ኋላ በኩል አንድ ወንበር ይያዝልኝ፣ ስለ ጫማው ሰምቻለሁ አሉ።

ኮርሱ ይቀጥል ተብሎ እጅ ሲወጣ የቀረ እጅ አልነበረም። ዲኑ ምን ይላሉ ብለው እህቴን ጠየቋት። የቋንቋ አስተማሪዋ የሰበሰበቻቸውን ወረቀቶች መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የምለውን አላውቅም» አለች።

«ታዲያ ያዩትን ይንገሩን» አሉ ጉልጥምት።

ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። «አንዲት የበግ አጥንት» አለች። «ሦስት ያፈሩ ሐኪሞች። በር ላይ ደግሞ ከረጢት አቅፋ የምታለቅስ እህቴን።» ቀዶ ሐኪሙ ራሳቸው ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። እኔ እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ እሷ ግን ታያለች፣ ምን ይደረግ።

በቀጣዩ ዓመት ጉልጥምት በአጥንት ክፍሉ የመስታወት ቁም ሣጥን አንድ መደርደሪያ ለእህቴ ለቀቁላት። የአባባ ጫማ እዚያ ተቀመጠ። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «የአውቶቡስ ነጂ ጫማ። ምን ታያለህ?» ይላል። እማዬ አላምንም፣ ካላየሁ አለች፤ እስከዚያ ድረስ ግቢውን ረግጣው አታውቅም ነበር። አንድ ረቡዕ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ከእህቴ ጋር መጣች። ባሌ ሳይማር ኮሌጅ ገባ እያለች ኮሪደሩን ሙሉ ሳቀች።

ስንደርስ አዲሶቹ ተማሪዎች ነጭ ጋወናቸውን ለብሰው ቁም ሣጥኑን ከብበውት ነበር፤ ጫማውም አይታይም። እርስ በርሳቸው ዝግ ባለ ድምፅ ይነጋገራሉ፤ አንዱ ስለ ማሰሪያው፣ አንዷ ስለ ካርቶኑ፣ ሌላዋ ስለ ግራው እግር። እማዬ ከኋላቸው ቆማ በትከሻቸው መካከል ለማየት ሞከረችና ወደ እኛ ዞረች።

«ስለ ማን ነው የሚያወሩት?» አለች።

እህቴን አየኋት። ድምጿ ዛሬ አልጠፋም።

«ስለ አባባ ነው» አለቻት፣ ልጆቹንም ገለል አድርጋ እጇን ይዛ ወደፊት ወሰደቻት።